የላስ ቬጋስ ቺፕ እና የጎብዬ ጠገራ ብር

ጎብዬ፣ ሮቢት ወይም ቆቦ ዘመድ ካላችሁ በሚቀጥለው ስትሄዱ እማማን ሙዳያቸውን እንዲከፍቱላችሁ ለምኗቸው። ዕድለኛ ከሆናችሁ ከጉትቻውና ከአልቦው ሥር፣ ወይም ድሪው ላይ ተበስቶ የተንጠለጠለ፣ ከበድ ያለ ክብ ብር ታገኛላችሁ። በአንድ ፊቱ ራሷን የተከናነበች ደልደል ያለች ሴት አለች። በሌላው ፊቱ ባለ ሁለት ራስ ንስር። ጠርዙ አካባቢ 1780 የሚል ቁጥር ይነበባል። «ጠገራ ብር ነው፤ የአያቴ ነው፤ ሁለት መቶ ምናምን ዓመቱ ነው» ይሏችኋል። ጠገራ ብር መሆኑ እውነት ነው። የአያታቸው መሆኑም እውነት ይሆናል። ሁለት መቶ ዓመቱ መሆኑ ግን አጠራጣሪ ነው። ቪየና ተመትቶ ሊሆን ይችላል፤ ለንደን ወይም ቦምቤይ ሊሆን ይችላል፤ ሮምም ሊሆን ይችላል፣ ያውም ጣሊያን አገራችንን ለመውረር ስትዘጋጅ በነበረበት ዓመት። ቁጥሩ በሁሉም ላይ ያው 1780 ነው።

ታዲያ በምን እንለየዋለን? ለዚህ ጥያቄ ጥሩ አስተማሪ የሚሆኑን ሰዎች የሚገኙት ባልጠበቃችሁት ቦታ ነው፤ ቁማር ቤት አካባቢ። ቁማርተኞቹን ማለቴ አይደለም። የቁማር ቤት ቺፕ የሚሰበስቡትን ነው። እስቲ በመጀመሪያ እነሱን እንያቸውና ወደ ጎብዬ እንመለሳለን።

አንድ ክብ ነገር እንዴት ይነበባል?

ካዚኖን ብዙዎቻችን የምናውቀው በፊልም ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ሰውየው ሲገባ ጥሬ ገንዘቡን ለገንዘብ ያዥ ይሰጥና በምትኩ ክብ ክብ ነገሮች ይቀበላል። እነዚህ ቺፖች ከሸክላ መሰል ውህድ ወይም ከሴራሚክ የተሠሩ ናቸው። ራሳቸውን ችለው ዋጋ የላቸውም፤ መሬት ላይ ወድቀው ብታገኟቸው ከቆርኪ ብዙም አይሻሉም። ነገር ግን ቤቱ «ይህን ላመጣልኝ 100 ዶላር እሰጣለሁ» ብሏልና 100 ዶላር ናቸው። ቺፕ ማለት እንግዲህ የአንድ ቤት ቃል ነው፤ በእጅ የሚያዝ ቃል።

ነገሩ እዚህ ለመድረስ ጊዜ ፈጅቶበታል። በ1638 እ.ኤ.አ. የቬኒስ መንግሥት ሪዶቶ የተባለውን የቁማር ቤት ሲከፍት ጠረጴዛው ላይ የሚፈሰው እውነተኛ ገንዘብ ነበር። ያ ቤት በ1774 ተዘጋ። በዚያው በ18ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ባለጸጎች ከቻይናዋ ካንቶን በዛጎል የተሠሩና የቤተሰባቸው ዓርማ የተቀረጸባቸው ውብ ውብ መቁጠሪያዎች ያሠሩ ነበር። የአንዱ መቁጠሪያ ዋጋ ስንት እንደሆነ የሚወሰነው ግን ማታ ማታ ተጫዋቾቹ ሲቀመጡ ነው። በአሜሪካ ምዕራብ ደግሞ ከአጥንትና ከዝሆን ጥርስ፣ በኋላም ከሸክላ ውህድ የተሠሩ ቺፖች መጡ። ችግሩ ወዲያው ታየ፦ ምንም ያልተጻፈበት ቺፕ ማንም ሰው ከሱቅ ገዝቶ በኪሱ ይዞ መግባት ይችላል! ስለዚህ ቁማር ቤቶቹ ምልክት ማድረግ ጀመሩ። በጠርዙ ዙሪያ የተለየ ንድፍ፣ ከዳር እስከ ዳር ዘልቆ የሚታይ ባለቀለም ቁራጭ፣ መሐሉ ላይ በወርቃማ ቀለም የታተመ ስም። ዓላማው ሌባን መከላከል ነበር። ውጤቱ ግን እያንዳንዱ ቺፕ የተሠራበትን ቦታና ዘመን የሚናገር ሰነድ ሆነ።

ሰብሳቢዎቹ የሚያነቡት ይኼንኑ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የራሳቸው ማኅበር አላቸው። ቁማር ቤት ባለቤት ሲለውጥ፣ ስም ሲለውጥ፣ አዲስ ክፍል ሲጨምር ቺፑም ይለወጣል። የአንዱን ጠርዝ አይተው ከየትኛው ፋብሪካ በየትኛው ዘመን እንደወጣ ይነግሯችኋል። ለምሳሌ ላስ ቬጋስ ውስጥ ዱንስ የሚባል ሆቴልና ቁማር ቤት ነበር፤ በ1955 ተከፍቶ በ1993 ተዘጋ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ሕዝብ ተሰብስቦ እያየ በፈንጂ አፈረሱት። ቤቱ የለም። የገንዘብ ያዡ መስኮት የለም። የዱንስ ቺፕ ግን ዛሬም ይሸጣል፤ የሚገዛው ሰው ቁማር ሊጫወትበት ሳይሆን ሊያነበው ነው።

በዱንስ ቦታ ላይ ቤላጂዮ የሚባል ሌላ ሆቴል ተሠራ። እዚያ የሆነውን ልንገራችሁና ስለ ቺፕ ይበቃናል። በታኅሣሥ 2010 እ.ኤ.አ. አንድ ሰው የሞተር ሳይክል ሄልሜት እንዳጠለቀ ገብቶ፣ ሽጉጥ መዝዞ፣ 1.5 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ቺፕ ዘርፎ በሞተሩ አመለጠ። ከዘረፋቸው መካከል አንዱ 25,000 ዶላር የሚያወጣው ዓይነት ይገኝበታል። ቤቱ ምን አደረገ መሰላችሁ? «የዚህ ዓይነቱ ባለ 25,000 ቺፕ ከሚያዝያ 2011 በኋላ አይሠራም» ብሎ ማስታወቂያ አወጣ። በቃ። ሰውየው እጅ ላይ ያለው ሀብት ቀን ተቆርጦለት ወደ ቆርኪነት ሊመለስ ሆነ። ቺፑን ለመሸጥ ሲሞክር ነው የተያዘው።

ብሩ ከጠረጴዛው ላይ ሲነሳ

ቁማር ቤት ግን ሁልጊዜ በቃል ብቻ አልሠራም። ኔቫዳ ቁማርን በሕግ የፈቀደችው በመጋቢት 1931 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በኋላ ለሠላሳ ምናምን ዓመታት፣ የአንድ ዶላር ጨዋታ የሚጫወት ሰው ጠረጴዛው ላይ የሚያኖረውና ማሽኑ ውስጥ የሚከተው እውነተኛውን የብር ዶላር ነበር። የሚመዝነው 26.7 ግራም ነው፤ ከዚያ ውስጥ 90 ከመቶው ንጹሕ ብር። ይህን ይዞ የሚወጣ ሰው ቤቱ ቢቃጠል፣ ባለቤቱ ቢከስር ግድ የለውም። ዋጋው እዚያው እጁ ላይ ነው።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ የብር ዋጋ ወጣ። ሰው የብር ዶላሩን እየሸሸገ ያስቀምጥ ጀመር። በ1964 የአሜሪካ ግምጃ ቤት በወረቀቱ ምትክ የብር ዶላር መስጠቱን አቆመ። ቁማር ቤቶቹም ከ1965 ጀምሮ ልክ የዶላሩን መጠን የሚያክሉ፣ ከርካሽ ብረት የተሠሩና የራሳቸውን ስም የያዙ ምትኮችን ማስመታት ያዙ። ብረቱ ወጣ፤ ቃሉ ገባ። በላስ ቬጋስ ይህ ሽግግር አንድ ሁለት ዓመት ነው የፈጀው። በኛ አገር ግን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ወሰደ።

ግንኙነቱ የዘፈቀደ ምሳሌ እንዳይመስላችሁ። «ዶላር» የሚለው ቃል የመጣው «ታለር» ከሚለው ነው፤ ታለርም በ16ኛው ክፍለ ዘመን ዮአኪምስታል በሚባል የቦሔሚያ ሸለቆ ከወጣ ብር የተመታው ገንዘብ ስም ነው። የኛ ጠገራ ብር ደግሞ የማሪያ ቴሬዛ ታለር ነው። የኔቫዳው ዶላርና የጎብዬው ጠገራ የአንድ አያት ልጆች ናቸው ማለት ነው፤ የሚይዙት ንጹሕ ብርም በግራም እንኳ አይራራቅም።

የሞተች ንግሥት ገንዘብ

ማሪያ ቴሬዛ የኦስትሪያ ገዥ ነበረች። በስሟ የሚጠራው ታለር መመታት የጀመረው በ1741 እ.ኤ.አ. ነው። ምስሉ ላይ ራሷን የተከናነበችው ባሏ በ1765 ከሞተ በኋላ የመበለት ልብስ ስለለበሰች ነው። እሷም በኅዳር 1780 ሞተች። ገንዘቡ ግን ከቀይ ባሕር ማዶና ማዶ እጅግ ተወዶ ነበር፤ የየመን ቡና የሚገዛው በሱ ነው። ነጋዴው ሌላ መልክ አልቀበልም አለ። ስለዚህ የመምቻው ማኅተም ሳይለወጥ፣ ዓመተ ምሕረቱም 1780 ላይ እንደቆመ፣ መምታቱ ቀጠለ። ይኸው እስከ ዛሬም አልቆመም። በጠቅላላው ከ300 ሚሊዮን በላይ ተመትቷል።

ልብ በሉ፣ ይህ የቺፕ ተቃራኒ ነው። ቺፕ ቤቱ ሲሞት አብሮ ይሞታል። ጠገራ ብር የታወቀው ባለቤቷ ከሞተች በኋላ ነው። እዚህ ራያ ቆላ ውስጥ ማሪያ ቴሬዛ ማን እንደነበረች የሚያውቅ ገበያተኛ አልነበረም፤ ማወቅም አላስፈለገውም። የሚያውቀው ምልክቶቹን ነው።

እንዴት አድርጎ እንደሚያውቃቸው የ19ኛው ክፍለ ዘመን ተጓዦች እየተበሳጩ ጽፈዋል። ባላገሩ ብሩን ገልብጦ፣ በጣቱ አሽቶ፣ በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ባለው የጌጥ መርፌ ዙሪያ ያሉትን ሉሎች ይቆጥራል። ከምስሉ ሥር ኤስ እና ኤፍ የሚሉት ሁለት ፊደላት ጎልተው መታየት አለባቸው። ከጎደለ ወይም ከደበዘዘ አይቀበልም። እነዚያ ፊደላት ጉንዝቡርግ በምትባል ከተማ የነበረው የመምቻ ቤት የሁለት ሹሞች ስም መነሻ ናቸው። ያ ቤት በ1805 ተዘግቷል። የተዘጋ ቤት ሹሞች ፊደል ካልታየ ገንዘቡ ገንዘብ አይደለም! ለማያውቅ ሰው ሞኝነት ይመስላል። ነገር ግን ሚዛን በሌለበት፣ ባንክ በሌለበት ገበያ፣ ትክክለኛ ብር መሆኑን የሚያረጋግጥ ሌላ ምን ዘዴ አለ? የቁማር ቤት ሠራተኛ የቺፑን ጠርዝ በአንድ ዓይን ገርመም እንደሚያደርገው ነው።

ክብደቱ 28 ግራም ከጥቂት ነው፤ ከዚያ ውስጥ 23.4 ግራም ያህሉ ንጹሕ ብር። ይህ ክብደት በራሱ መስፈሪያ ሆነ። ወርቅ ቤት ሄዳችሁ «ወቄት ስንት ገባ?» ስትሉ የምትጠይቁት የአንድ ጠገራ ብር ክብደት ነው። ገንዘባችንንም እስከ ዛሬ «ብር» እንላለን። ወረቀት ይዘን የብረቱን ስም እንጠራለን፤ ስሙን የምናወጣው ደግሞ ምንም ሳይገርመን ነው።

አንድ ጠገራ ለትንሽ ግዢ ግን በጣም ትልቅ ነበር። ለጨው፣ ለበርበሬ፣ ለአንድ ቁና ማሽላ ማን አንድ ወቄት ብር ያወጣል? መልሱ አሞሌ ነበር። በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. እዚህ የነበረው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ አሞሌ በመላ አገሩ እንደ ገንዘብ እንደሚሄድ፣ ጨው ከሚወጣበት ምድር በራቀ ቁጥርም ዋጋው እንደሚጨምር ጽፏል። ለራያ ሰው ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም፤ ከዞብል ተራራ ባሻገር ያለው የአፋር ምድር ነው። በኋላ ደግሞ ጥይት መጣ። የውጅግራ ጥይት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ በብዙ የሰሜን ገበያ እንደ ዝርዝር ይሠራ ነበር። አሞሌ ይበላል፣ ጥይት ይተኮሳል። ለዚህ ነው የእነሱ ዘመን ሙዳይ ውስጥ ያልቀረው። የቀረው ጠገራው ብቻ ነው።

ማን አመጣው?

የመጀመሪያው ትልቅ ጎርፍ የመጣው ከእንግሊዞች ጋር ነው። ጄኔራል ናፒየር አፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት ሲመጣ፣ ከዙላ እስከ መቅደላ ባለው መንገድ ሁሉ ለእህል፣ ለሣር፣ ለአጋሰስ የሚከፍለው ጠገራ ብር ያስፈልገው ነበር። የእንግሊዝ ወርቅ እዚህ አይሠራም። ስለዚህ ቪየና ላይ 500,000 አዲስ ጠገራ እንዲመታ ታዘዘ። ሠራዊቱ በአሸንጌ ሐይቅ በኩል፣ ማለትም ከራያ ቆላ በላይ ባለው ደጋ አልፎ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላን ያዘ። ንጉሡን ለመውጋት የመጣው ጦር ለባላገሩ በጥሩ ብር ይከፍል ነበር። ብሩም ጦሩ ሲመለስ አልተመለሰም።

አፄ ምኒልክ የራሳቸውን ገንዘብ ፓሪስ ላይ አስመቱ። በ1887 ዓ.ም. የተባለው ባለ አንበሳ ብር ክብደቱም ሆነ የብር መጠኑ ከጠገራው ጋር ከሞላ ጎደል እኩል ነው። ንጉሡ በሕይወት አሉ፤ አንበሳው የገዛ አገራችን አንበሳ ነው። በ1898 ዓ.ም. ደግሞ የሐበሻ ባንክ ተከፈተ። ገበያው ግን፣ በተለይ በሰሜን፣ የሞተችውን ሴትዮ መረጠ። እዚህ ላይ «ሰው የሚያምነው ብረቱን ነው» የሚለው ቀላል ማብራሪያ ይሰናከላል። ብረቱማ እኩል ነበር። ልዩነቱ፣ ጠገራው ምጽዋ ላይም፣ የመን ላይም፣ ሱዳን ላይም ይመነዘራል። የምኒልክ ብር የአንድ ቤት ቺፕ ነበር፤ ጠገራ በሁሉም ጠረጴዛ ላይ የሚሠራ ቺፕ ነበር። ነጋዴ ደግሞ በአንድ ቤት ብቻ ተቀምጦ አይጫወትም።

አሁን ወደ ሮም እንምጣ። በሐምሌ 1927 ዓ.ም. ሙሶሊኒ ከኦስትሪያ የጠገራውን የመምቻ ማኅተም ወሰደ፤ ለ25 ዓመት እሱ ብቻ እንዲመታ ተስማሙ። ለምን እንደፈለገው ግልጽ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ሎሌ፣ መንገድ መሪ፣ ሸማቂ የሚገዛው በሊሬ ወረቀት አይደለም። ሮም የሚገኘው የመምቻ ቤት 1780 የሚለውን ቁጥር እንደያዘ ማተም ጀመረ። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ወረራው ተጀመረ። የቀይ ባሕር ንግድ እንዳይቋረጥባቸው የፈሩት እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ቤልጅየም ደግሞ የስምምነቱን ነገር ወደ ጎን ብለው በየራሳቸው መምቻ ቤት ያንኑ ሴትዮ ማስመታት ያዙ፦ ፓሪስ፣ ለንደን፣ ብራስልስ። አንድ ፊት፣ አንድ ቁጥር፣ አራት ተቀናቃኝ መንግሥታት።

ከማይጨው በፊት የተከፈለው ብር

በራያ ስለ ጠገራ ብር መጻፍ ከተጀመረ ይህን ነገር ዘልሎ ማለፍ አይቻልም፤ ከዘለልነው የምንጽፈው የጌጥ ታሪክ ብቻ ይሆናል።

በመጋቢት 1928 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ከአሸንጌ ሐይቅ ሰሜን፣ ማይጨው አጠገብ ከጣሊያን ጦር ጋር ፊት ለፊት ነበሩ። የራያና የአዘቦ ሰዎች ከጎናቸው እንዲሰለፉ ፈለጉ። የዘመኑን ዜና መዋዕል ያጠናቀሩ ጸሐፊዎች እንደሚሉት፣ ወደ ሰፈሩ ለመጡት የሐር ሸሚዝና ካባ ተሰጠ፤ ለእያንዳንዳቸውም ከ10 እስከ 15 ጠገራ ብር ተቆጠረ። ጥቃቱም ቀን እየተቆጠረ ዘገየ፤ በዚያ መሐል ጠላት ምሽጉን አጠናከረ። ውጊያው የሆነው መጋቢት 22 ነው። በማግስቱ ባሉት ቀናት ሠራዊቱ ወደ አሸንጌ ሲያፈገፍግ ከላይ አውሮፕላን ቦምብና መርዝ ያወርድበታል፤ ከጎን ደግሞ አዘቦዎች ያጠቁታል። ጣሊያንም አስቀድማ ብርና ጠመንጃ ስታድል ቆይታ ነበር።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው «ብር በልተው ከዱ» ተብሎ ነው። እኔ ይህን አባባል አልቀበለውም፤ ምክንያቴም የስሜት አይደለም። በመጀመሪያ፣ «ራያ» እና «አዘቦ» የሚባለው ሕዝብ ሁሉ አንድ ነገር አላደረገም፤ ከንጉሠ ነገሥቱ ጦር ጋር የወደቁም ነበሩ። ሁለተኛ፣ ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ በ1921 እና 1922 ዓ.ም.፣ ይህ አካባቢ ዐምጾ በጦር ተቀጥቶ ነበር። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው በሰባት ዓመት ውስጥ 10 ብር ተቀብሎ ቂሙን ይረሳል ብሎ ያሰበ ማን ነው? ብሩን ሰጪው ውል ፈረምን ብሎ አስቦ ይሆናል። ተቀባዩ ግን ጠገራ ብር ምን እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃል። ጠገራ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ምንም ቃል ይዞ አያልፍም። ለዚህ ነው ገንዘብ የሆነው። ቺፕ ቢሆን ኖሮ ሰጪው ቤት «ከዛሬ ጀምሮ አይሠራም» ይል ነበር። ጠገራን ማንም እንዲህ ሊል አይችልም፤ ንጉሡም፣ ሙሶሊኒም።

እንግዲህ በቆቦ ወይም በጎብዬ አንድ ሙዳይ ውስጥ የሮም ምት የሆነ ጠገራ ቢገኝ ምን ማለት እንችላለን? ከ1927 ዓ.ም. መጨረሻ በፊት እንዳልተመታ በእርግጠኝነት እንናገራለን። ከዚያ ያለፈ አንልም። የባንዳ ደመወዝ ሊሆን ይችላል። ለጣሊያን ጦር የተሸጠ በግ ዋጋ ሊሆን ይችላል። ከአምስት ገበያ በኋላ ለሙሽራ የተሰጠ ጥሎሽ ሊሆን ይችላል። ያች ሙሽራ እኮ ብሩ ከየት እንደመጣ ጠይቃ አታውቅም ይሆናል። ከአንድ ሳንቲም ላይ የአንድን ቤተሰብ ታማኝነት ማንበብ አይቻልም። የቺፕ ሰብሳቢ የዱንስን ቺፕ ይዞ «ይህ በ1960ዎቹ የተሠራ ነው» ይላል እንጂ «ይህን የያዘው ሰው አታላይ ነበር» አይልም። የኛም አነባበብ እዚያ ላይ መቆም አለበት።

ጣሊያኖቹ አገሩን ከያዙ በኋላ ጠገራውን በሊሬ ለመተካት ሞከሩ፤ ገበያው እምቢ አለ። በ1933 ዓ.ም. እንግሊዞች ሲገቡ ከቦምቤይ የተመታ ጠገራና የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ይዘው መጡ። ሽግግሩ የተፈጸመው ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ ነው። ሰው ወረቀቱን እንዲያምን ሲባል የ50 ሳንቲሟ ዝርዝር ከእውነተኛ ብር ተመታች፤ ብሩ የተገኘው ከአሜሪካ በጦርነቱ ዘመን የብድር እርዳታ ነው። ሁለት ሽልንግ በአንድ ብር ሲመነዘር፣ 50 ሳንቲም አንድ ሽልንግ ሆነች። እናቶቻችን እስከ ቅርብ ጊዜ 50 ሳንቲምን «ሽልንግ» ይሏት የነበረው ለዚህ ነው።

እቤት ያለውን ጠገራ ብታገኙ

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። 1780 ስላለበት ብቻ ሚሊዮን አያወጣም። «የድሮ ጠገራ በውድ እንገዛለን፤ ቅድሚያ የምርመራ ክፍያ ላኩ» የሚል ሰው ከመጣባችሁ ሊያታልላችሁ ነው። አብዛኛው ጠገራ በዓለም ገበያ ከያዘው ብር ዋጋ ብዙም አይርቅም። በሌላ በኩል በርካሽ በግራም ሽጡልኝ ብሎ ወስዶ የሚያቀልጠውም ሌላ ኪሳራ ያደርስባችኋል። አንዴ ከቀለጠ የሮሙም የቪየናውም አንድ ድቡልቡል ነው።

ጥቂት ነገሮችን እራሳችሁ ማየት ትችላላችሁ። የወርቅ ሚዛን ካገኛችሁ መዝኑት፤ ያልተበሳ ከሆነ ወደ 28 ግራም መሆን አለበት፤ ስፋቱ 4 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ጠርዙን ወደ ብርሃን አዙሩት። እውነተኛው ጠገራ በጠርዙ ዙሪያ ከፍ ከፍ ብለው የወጡ የላቲን ፊደላት አሉት፤ ትርጉማቸው «ፍትሕና ምሕረት» ነው፤ የንግሥቲቱ መፈክር ነበር። ፊደላቱ እዚያ የተቀመጡት ለጌጥ ብቻ አይደለም። ብሩን ከዳር ከዳር እየፋቀ የሚሰርቅ ሰው ፊደሉን ሳያጠፋ አይችልም። በአሸዋ ቅርጽ ፈስሶ የተሠራ አስመሳይ ደግሞ ይህን ጠርዝ በደንብ ማውጣት አይሆንለትም፤ ብዙ ጊዜ ልሙጥ ነው፣ ወይም መሐሉ ላይ የመጋጠሚያ መስመር ይታያል።

የየትኛው ከተማ ምት እንደሆነ ለማወቅ ግን አጉሊ መነጽር ወይም ጥሩ የስልክ ካሜራ ያስፈልጋል። ሊቃውንቱ የሚለዩት በንስሩ ጭራ ላባዎች አወጣጥ፣ በጌጥ መርፌው ሉሎች ቁጥርና አቀማመጥ፣ በኤስ እና ኤፍ አጠገብ ባሉ ነጥቦች፣ በጠርዙ ፊደላት መካከል ባሉ ጌጦች ነው። ፎቶ አንስታችሁ ብታስቀምጡ ዛሬ እንኳ ባይሆን ነገ የሚያነብላችሁ ሰው ይገኛል። ሁለቱንም ፊትና ጠርዙን አንሱ። በሎሚ፣ በአመድ ወይም በጥርስ ሳሙና አትሹት፤ ምልክቶቹ አብረው ይሄዳሉ።

ይህን የምለው የትርፍ ጊዜ ሥራ ፍለጋ አይደለም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በወልድያና በቆቦ መንገድ ላይ ሲመላለስ ሰው ቤቱን ጥሎ ሸሽቷል። ቤቱን ጥሎ የሚሄድ ሰው የሚይዘው ቀላልና ውድ ነገር ነው፤ የሚሸጠውም መጀመሪያ ያንኑ ነው። የቁማር ቤት ቺፕ ቢጠፋ ፋብሪካው መዝገብ አለው፤ ሰብሳቢዎቹም ዝርዝር አውጥተውለታል። ለራያ ብር ግን መዝገቡ ሙዳዩ ራሱ ነው።

እማማን ስትጠይቁም ስለ ብሩ ዋጋ አትጀምሩ። ማን እንደሰጣቸው፣ መቼ እንደተበሳ፣ ማን አንጥረኛ እንደበሳው ጠይቋቸው፤ እሱንም ከፎቶው ጋር ጻፉት። ሰብሳቢዎች የተበሳ ጠገራ አይወዱም፣ ዋጋውን ይቀንሱበታል። ለኛ ግን ያች ቀዳዳ ትልቅ ነገር ነች፦ ከገበያ ወጥቶ አንገት ላይ የገባበት ቀን እሷ ነች፤ ያን ቀን የሚያስታውሱት ደግሞ እማማ ብቻ ናቸው።